ለጋሼ ከድር የሰጠኋቸው ልደት

እናንተ ለጎረቤታችሁ ምን ሰጥታችሁ ታውቃላችሁ? ጨው? መሰላል? እኔ ልደት ሰጥቻለሁ። ያውም ለአንድ ሰው ብቻ አይደለም። ከሸማ ተራ ጀርባ ባለችው ጠባብ መተላለፊያችን ከሚነግዱት ሰዎች ግማሾቹ የተወለዱበትን ቀን ያገኙት ከእኔ እስክሪብቶ ነው። የሰፈር አዋላጅ እንኳ የእኔን ያህል አላዋለደችም፤ ልዩነታችን እሷ የምታዋልደው በተወለዱበት ቀን መሆኑ ነው።

የምሸጠው ክር፣ ቁልፍ፣ ዚፕና ላስቲክ ነው። ነገር ግን በመተላለፊያችን ዐሥራ ሁለተኛ ክፍልን የጨረስኩ እኔ ብቻ ስለነበርኩ፣ ፎርም የያዘ ሰው ሁሉ እግሩ ወደ እኔ ሱቅ ይመራዋል። ጨረስኩ አልኩ እንጂ አለፍኩ አላልኩም። ይህቺን ልዩነት እስከ ዛሬ አንድም ሰው አልጠየቀኝም፤ እኔም ያልተጠየቅኩትን አልመልስም። መነጽሬን አድርጌ፣ እስክሪብቶ ጆሮዬ ላይ ሰክቼ ስቀመጥ ግን፣ እውነቴን ነው፣ ራሴን ሚኒስትር የማደርግበት ጊዜ ነበር።

የተማርኩት አማኑኤል ነው። ሰፈሩን ማለቴ ነው፤ «አማኑኤል ነበርኩ» ስል ሰው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ስለሚል ማብራራት ለምዶብኛል። ታሪክ ያስተማሩን ሚስተር ቨርጊስ የሚባሉ ሕንዳዊ ነበሩ። ቀጭን፣ ጸጉራቸውን በቅባት የሚያስተኙ፣ ኮታቸው እጅጌ ላይ ሁልጊዜ ጠመኔ የማይጠፋ ሰው። ትምህርቱ ከአባይ ይነሣና ደወሉ ሲደወል ጋንጅስ ዳር ያደርሰናል። ምን ያድርጉ፣ አገራቸው ናፍቃቸው ነው! በመጽሐፉ ይኑር አይኑር ግድ አልነበራቸውም፤ ሕንድ ነጻ የወጣችበትን ቀን፣ ኦገስት 15ን፣ ሪፐብሊክ የሆነችበትን፣ ጃንዋሪ 26ን፣ ያለ ዱላ እንግሊዝን ያስወጡት፣ የሕንድ አባት የሚባሉት ሰው የተወለዱበትን፣ ኦክቶበር 2ን፣ እንደ ዳዊት አስደግመውናል።

በተለይ ኦክቶበር 2ን የሚረሳ ተማሪ አልነበረም። ሚስተር ቨርጊስ የእንጨት ማስመሪያቸውን ጠረጴዛ ላይ አስተኝተው፣ «ዛሬ ማንንም አልመታም፤ ዛሬ የሰላም ሰው የተወለደበት ቀን ነው» ይላሉ። እኛም የዓመቱን ጥፋት አጠራቅመን ለዚያ ቀን እናስቀምጥ ነበር። በማግስቱ የትናንቱን ጨምረው ይከፍሉናል። እንግዲህ ሒሳቡ ጠፋ፣ ኬሚስትሪው ጠፋ፣ ከዐሥራ ሁለት ዓመት ትምህርት በጭንቅላቴ የቀረው እሱ ነው፤ የሕንድ ቀኖች።

አሁን ወደ ጋሼ ከድር ልምጣ። ጋሼ ከድር ፊት ለፊቴ ጨርቅ በጣቃ የሚሸጡ፣ በልጅነታቸው ከስልጤ መጥተው መርካቶ ውስጥ ያረጁ ሰው ናቸው። ሱቄን በከፈትኩ ሰሞን ዝንብ እንኳ ሳይገባልኝ ሲውል፣ ከእሳቸው ጨርቅ የገዛውን ሁሉ «ክሩን ከዚያ ልጅ ውሰዱ፤ እጁ ጥሩ ነው» እያሉ የሚልኩልኝ እሳቸው ነበሩ። እጄ ምን ላይ ጥሩ እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅኩም። እወዳቸዋለሁ። አባቴን በልጅነቴ ነው ያጣሁት፤ የቀረውን አባትነት ከጋሼ ከድር ነው የጨረስኩት።

ከብዙ ዓመት በፊት የቀበሌ መታወቂያ በሚታደስበት ሰሞን ፎርማቸውን ይዘው መጡ።

«ጋሼ፣ የትውልድ ቀን ይላል» አልኳቸው።

«ሙላው።»

«ምን ብዬ?»

«አንተ አይደለህ የተማርከው!»

«ጋሼ፣ ትምህርት ቤት የእርስዎን ልደት አላስተማሩኝም።»

«እናቴ ዝናቡ ሲያባራ፣ ለገበያ አንድ ቀን ሲቀረው ወለድኩህ ብላኛለች። የትኛው ገበያ እንደሆነ አልጠየቅኳት። ፎርም ይመጣል ብሎ ማን ይጠረጥራል!»

ሌላ ሰው ቢሆን መስከረም 1 ብሎ ይገላገላል። መርካቶን ስታዩ ግማሹ ሕዝብ መስከረም 1 ነው የተወለደው፤ የዚያን ዕለት ስንት አዋላጅ እንደደከመች አስቡት። እኔ ግን ለጋሼ ከድር ተራ ቀን መስጠት አሳፈረኝ። ቀን ሲባል ጭንቅላቴ ያለው አንድ ዕቃ ብቻ ነው፤ አውጥቶ ሰጠኝ። ኦክቶበር 2። ዓመቱንም ሕንድ ነጻ የወጣችበትን ሰጠኋቸው፤ ዕድሜያቸውን ስገምተው እዚያው አካባቢ ስለሆነ። ፎርሙ በአማርኛ ነበርና ኦክቶበርን ጥቅምት አድርጌ፣ «ጥቅምት 2» ብዬ በጥሩ ጽሕፈት ጻፍኩላቸው።

ወሬ መቼ ይቀመጣል። በሳምንቱ ነጠላ የሚሸጡት እትዬ ዘነበች መጡ። ባላቸውን የፈቱበት ዓመት ስለነበር የነጻነቱን ቀን ሰጠኋቸው፣ ነሐሴ 15። ታደሰ ደላላው መጣ፤ ጥር 26 ደረሰው። ሌሎችም ሌሎችም። መተላለፊያችን ሕንድ ሆነች፤ ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

ዓመታት ሄዱ። የጋሼ ከድር ሁለቱም ጉልበቶች ከዱ። መጀመሪያ ደረጃ መውጣት ተዉ፤ ቀጥሎ መንበርከክ። ሶላታቸውን ወንበር ላይ ተቀምጠው መስገድ ጀመሩ። አንድ ቀን ከሰገዱ በኋላ ስሄድ ጉልበታቸውን እያሹ አገኘኋቸው።

«ግንባሬ መሬት ከነካ ሁለት ዓመት ሞላው» አሉኝ። «አላህ ወንበር ላይ የሚሰግደውንም ይቀበላል፤ አላማርርም። ግን መሬቷ ናፈቀችኝ ልጄ።»

ይህን ሲሉ ድምፃቸው ተሰበረ። ጋሼ ከድር ሱቃቸው ውስጥ ጎርፍ ገብቶ ጣቃው ሁሉ ሲበሰብስ እንኳ «አልሐምዱሊላህ» ብለው የሳቁ ሰው ናቸው።

ልጃቸው ሰሚራ አላስቻላትም። ጉልበት የሚቀይር ሐኪም ሕንድ አገር አገኘች፤ ፓስፖርት ከመታወቂያቸው ተነሥቶ ወጣ። ፓስፖርቱ ሲመጣ ሁላችንም ያየነው ፎቶውን ብቻ ነው። እትዬ ዘነበች «ጋሼ ሙሽራ መስለዋል!» አሉ፤ ተዘዋውሮ ታየ፤ ተመልሶ ፌስታል ውስጥ ገባ። የሐኪም ቤቱንና የቪዛውን ፎርም መሙላት ደግሞ ያው የማን ሥራ እንደሆነ ታውቃላችሁ። ሰሚራ «ፓስፖርቱን ላምጣልህ?» አለችኝ።

«ምን ሊያደርግልኝ?» አልኳት። «የአባትሽን ልደት ከእኔ በላይ ማን ያውቃል!»

ጻፍኩ። ኦክቶበር 2።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው ነገሩ። ትምህርት ቤት ኦክቶበር ማለት ጥቅምት ነው ብለው አስተምረውኛል፤ ጥቅምት የሚገባው ግን ኦክቶበር ዐሥር ቀን ከሄደ በኋላ ነው። ይህን ነግረውኝ ከሆነም የዚያን ዕለት ደጅ ተቀጥቼ ነበር። ፓስፖርት የሚሠሩት ሰዎች ሥራቸውን ያውቃሉና «ጥቅምት 2»ን በትክክል መንዝረው ኦክቶበር 13 ብለውታል። በዚህ የተነሣ ጋሼ ከድር በፓስፖርታቸው አንድ ቀን፣ በእኔ ፎርም ሌላ ቀን ተወለዱ። በመካከሉ ዐሥራ አንድ ቀን አለ። አንድ ሰው ለመወለድ ዐሥራ አንድ ቀን ፈጀበት ማለት ነው፤ እናታቸው ሰምተው ቢሆን ምን ይሉኝ ነበር!

ከሕንድ ኤምባሲ ቪዛ ክፍል ጥሪ መጣ፤ «አመልካቹ ቀርበው ያስረዱ» የሚል። ሰሚራ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አድርጋ አሳየችኝ።

«አባዬ ቪዛ ከተከለከለ…» ብላ አልጨረሰችውም። ባትጨርሰውም ገባኝ። ሐኪሙ፣ ሕክምናው ከዘገየ ጉልበቱ ጨርሶ እንደማይታጠፍ ነግሯቸዋል።

የመርካቶ ሰው ችግር ውስጥ ሲገባ ጠበቃ አይፈልግም፣ ምስክር ይፈልጋል። ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ብዬ እትዬ ዘነበችንና ታደሰን ጠራሁ። ሰሚራ የሐኪሙን ቀጠሮ ለማዘግየት ስልክ ላይ ስለሆነች እኛ አራታችን ሄድን። ጥበቃው «አንድ ሰው ብቻ» ሲል ታደሰና እኔ ጋሼን በግራና በቀኝ ብብታቸው ሥር ገብተን «እኛ ምርኩዝ ነን» አልነው። እትዬ ዘነበች የራጁን ፖስታ ደረታቸው ላይ አቅፈው፣ «እኔ ደግሞ ጉልበታቸውን ነው የያዝኩት» ብለው ገቡ።

የተቀበሉን መነጽር ያደረጉ፣ ሹራብ የደረቡ፣ ሃምሳውን ያለፉ ሕንዳዊት ነበሩ። እንግሊዝኛ ነው የሚናገሩት፤ አስተርጓሚው፣ እንግዲህ፣ እኔ።

«የትኛው ነው ትክክለኛው?» አሉ፣ ሁለቱን ወረቀት አስጠግተው።

«ሁለቱም» አልኩ። አፌን ምን እንደያዘው አላውቅም።

ቅንድባቸው ሲነሣ አይቼ ቶሎ ወደ ምስክሮቼ ዞርኩ። «የሰፈሩ ሽማግሌዎች ናቸው። ልደታቸውን ይመሰክራሉ።»

«ሲወለዱ ነበሩ?»

ስተረጉምላቸው እትዬ ዘነበች ደንግጠው፣ «ኧረ በማርያም! እኔ መች ተወለድኩና! ጋሼኮ አባቴ ይሆናሉ!» አሉ። ይህንንም ተረጎምኩ። ምን ላድርግ፣ አስተርጓሚ ነኝ።

«ለመሆኑ እናንተስ እነማን ናችሁ?» አሉ ሴትየዋ። እትዬ ዘነበች መታወቂያቸውን ከመቀነታቸው ፈትተው በኩራት ዘረጉ። አማርኛ ስለሆነ እንዳነብላቸው ሰጡኝ። ስም አነበብኩ። ቀጥዬም፣ ሰው ከታወረ ታወረ ነው፣ ነሐሴ 15ን «ኦገስት 15» ብዬ አነበብኩ። ሴትየዋ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። ታደሰ ወደ ኋላ መቅረት የማይወድ ሰው ነውና የራሱን ገፋ አደረገልኝ። «ጃንዋሪ 26» አልኩ።

ሴትየዋ አንዴ የጋሼን ፎርም፣ አንዴ እትዬ ዘነበችን፣ አንዴ ታደሰን አዩ።

«አንድ ሰፈር ሙሉ የተወለደው በእኛ አገር በዓል ቀን ነው?» አሉ ቀስ ብለው። «እየቀለዳችሁብን ነው ወይስ ይህን ወረቀት የሚያመርት ሰው አለ?»

የሚያመርተው ሰው ፊታቸው ቆሟል። እንደዚያች ሰዓት አፍሬ አላውቅም። ጋሼ ከድር ወንበሩ ላይ ሆነው ጉልበታቸውን እያሹ ዐይኔን ዐይኔን ያዩኛል፤ ምን እንደተባለ አልገባቸውም፤ ልጄ ያውቃል ብለው ነው ዝም ያሉት። በእኔ መኮፈስ እኚህ ሰው ቀሪ ዘመናቸውን ወንበር ላይ ሊጨርሱት ነው ብዬ አሰብኩ። ከዚያ በኋላ ሁሉንም ዘረገፍኩት። ሚስተር ቨርጊስን፣ ጠመኔውን፣ ጋንጅስን፣ ማስመሪያው የሚተኛበትን ቀን፣ የቀበሌውን ፎርም። «ባዶ ቦታ ሳይ ጭንቅላቴ ውስጥ ያለው ይሄ ብቻ ነበር» አልኳቸው። «ጥፋቱ የእኔ ነው። ቪዛ የሚከለከል ካለ እኔን ከልክሉኝ፤ እኔ የትም አልሄድም።»

ሴትየዋ ወደ ጋሼ ዞረው፣ «እሳቸው ራሳቸው መቼ ተወለድኩ ይላሉ?» አሉ።

ጋሼ «ንገራት» አሉኝ፤ «ስወለድ እዚያው ነበርኩ፣ ግን ሕፃን ስለነበርኩ ልብ አላልኩም። ጉልበቴ የታመመበትን ቀን ብትጠይቀኝ ግን ከነሰዓቱ እነግራታለሁ።»

ሴትየዋ መጀመሪያ በአፍንጫቸው ሳቁ፤ ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው ሳቁ። ዐይናቸውን ጠርገው የነገሩኝን ለእነ ጋሼ ተረጎምኩላቸው። የሴትየዋ አባት የገበሬ ልጅ ናቸው። ትምህርት ቤት ሊመዘገቡ ሲሄዱ ልደታቸውን የሚያውቅ ስለጠፋ ርዕሰ መምህሩ ቁመታቸውን አይቶ ቀን ሰጣቸው፤ ያንኑ ቀን ለክፍሉ ልጆች ሁሉ አደላቸው። «በየዓመቱ በዚያ ቀን ኬክ እንቆርስላቸዋለን» አሉ። «ርዕሰ መምህሩ ግን ቢያንስ በሁሉም ወረቀት ላይ አንድ ቀን ነው የጻፈው።» ይህቺ ለእኔ ነች። ፓስፖርቱ ላይ ያለው ይጸናል፤ የሐኪም ቤቱም የቪዛውም ፎርም በእሱ ተስተካክሎ ይምጣ፤ ሌላ ሰው ይሙላው ብለው አሰናበቱን።

ደጅ ስንወጣ ጋሼ ቆም አሉ። «የሰው ልደት ነው እንዴ የሰጠኸኝ?»

«ትልቅ ሰው ናቸው፣ ጋሼ። አገራቸውን ሳይማቱ ነጻ ያወጡ።»

«ይሁን። ከሰጠህ አይቀር ጥሩ ሰው መርጠህልኛል። አሁን ታዲያ ወደ ዐሥራ ሦስት ተዛወርኩ?»

«አዎ።»

«ዐሥራ አንድ ቀን ልጅ አደረግከኝ በለኛ!» ብለው ትከሻዬን መቱኝ። ለቅሶዬ መጣ፤ ታደሰ እያየኝ ስለነበር ግን አሳለኝ አልኩ።

ፎርሙን ሰሚራ ሞላችው። ቪዛው ወጣ። አሁንስ ልብ የገዛሁ መስሏችኋል፤ ሰው እንዲህ በቀላሉ አይድንም። የጉዞውን ቀን ምረጥ ሲሉኝ፣ የድሮ ልደታቸው አይቅርባቸው ብዬ፣ በኦክቶበር 2 ጠዋት ሐኪም ቤት ደጃፍ እንዲደርሱ አስቆረጥኩ። በረከት አለው አልኩ።

የዚያን ዕለት ረፋድ ላይ ሰሚራ ደወለች።

«የቀጠሮ ክፍሉ ዝግ ነው!»

«ለምን?»

«በዓል ነው! የምን በዓል እንደሆነ ልንገርህ?»

አልነገረችኝም፤ መንገር አላስፈለጋትም። በሕይወቴ አንዲት ነገር ነው የማውቀው፤ ያቺም በምትፈለግበት ቀን አልመጣችልኝም። ግንባሬን ከጠረጴዛው ጋር አጋጨሁ። ስልኩን ጋሼ ተቀበሏት።

«አንተ ልጅ፣ አገሩ ሱቁን ዘግቶ የድሮ ልደቴን እያከበረልኝ ነው!» አሉኝ። ከጀርባቸው የሕፃናት መዝሙር ይሰማል። «መንገዱ ዳር የዚያን ትልቅ ሰው ሐውልት አየሁት። አበባ አጥልቀውላቸዋል። ምርኩዝ ይዘዋል፤ እሳቸውንም ጉልበታቸውን ያማቸው ነበር መሰለኝ። ሰላም ብያቸው ነው የመጣሁት፤ ቀኔን ተውሼው ነበር፣ ይሄው መለስኩ ብያቸዋለሁ።»

ሐኪም ቤቱ በማግስቱ ተከፈተ። አንዱ ጉልበት ተሠራ፤ ከሳምንት በኋላ ሁለተኛው። እኔ በእነዚያ ቀናት ለአራት ደንበኛ ቀይ ክር ሲጠይቁኝ አረንጓዴ ሸጥኩ። ሰሚራ «በሰላም ነቅቷል» ብላ የጻፈችልኝን መልእክት ለመተላለፊያው ሁሉ ጮክ ብዬ አነበብኩ፤ እትዬ ዘነበች እልል አሉ።

ጋሼ ከድር ከተመለሱ ወራት አለፉ። በመጀመሪያ ያለ ምርኩዝ ተራመዱ፤ ቀጥሎ ሐኪሙ በቀስታ መንበርከክ ፈቀደላቸው። ፎርም የያዘ ሰው ሲመጣ አሁን ወደ ሰሚራ እልከዋለሁ። አንዳንዱ «አንተ ምን ሆንክ?» ይለኛል፤ ጡረታ ወጣሁ እለዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት በዐሱር ሶላት ሰዓት ዚፕ እየቆረጥኩ ወደ ፊት ለፊት ቀና ስል ጋሼ ከድር ከጣቃዎቹ ጀርባ ምንጣፋቸውን አንጥፈዋል። ቆሙ፣ አጎነበሱ፣ ቀስ ብለው ተንበረከኩ፤ ግንባራቸው መሬት ነካ። መቀሱን ያዝ አደረግኩ። ጠበቅኩ። አልተነሡም። አሁንም አልተነሡም። ጉልበቱ እምቢ አለ፣ እዚያው ተያዙ ብዬ ደንግጬ፣ መቀሱን እንደያዝኩ መተላለፊያውን ተሻግሬ ሮጥኩ። ሰሚራ በራቸው ላይ ክንዴን ያዘችኝ። ጉንጯ እርጥብ ነበር።

«ተወው» አለችኝ። «መነሣት አቅቶት አይደለም፤ አልጠገበም።»